የወፉን ሥራ መሥራት፦ የአገር ዛፍ ዘር ለቅሞ ማብቀል በሰሜን ሸዋ

በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ጣሳ ሙሉ የጥድ ፍሬ ለቀምኩ። እንዳለ ከነሥጋው መደብ ላይ ዘራሁት። ከዚያ ሦስት ወር ሙሉ ባዶ አፈር አጠጣሁ። አንዲት ቅጠል አልወጣችም።

የሚያናድደው ግን ይሄ አይደለም። ከመደቡ አሥር እርምጃ ራቅ ብሎ፣ ሽቦ አጥሩ ሥር፣ ማንም ያልዘራቸው አምስት ትንንሽ ጥዶችና አንድ ወይራ ተደርድረው ቆመዋል። ውሃ ያጠጣቸው የለም። የደብረ ብርሃንን ውርጭም ችለውታል። ቀና ብዬ ሳይ ነገሩ ገባኝ። ወፎች ሽቦው ላይ ያርፋሉ። ፍሬውን ሌላ ቦታ በልተው፣ ዘሩን እዚህ መጥተው ይጥላሉ።

ከዚያ ወዲህ የአገር ዛፍ ዘር በእጄ ሲገባ መጀመሪያ የምጠይቀው "ይሄን ማን ነው የሚያደርሰው?" ብዬ ነው። ወፍ ከሆነ የወፍ ሆድ የሚሠራውን በአሸዋና በውሃ እሠራለሁ። ፍየል ከሆነ የፍየሏን ሥራ በፈላ ውሃ። ነፋስ ከሆነ ደግሞ እጄን እሰበስባለሁ፤ ነፋስ ዘር አይቀብርም። ዘዴው ይኸው ነው። የቀረው አሠራሩ ነው።

1. መሬታችሁ የት እንደሆነ እወቁ

ሰሜን ሸዋ በአንድ ቀን ከውርጭ ወደ ሐሩር የሚወረድበት አገር ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጣርማ በርን አልፋችሁ ደብረ ሲና ስትወርዱ ጃኬት ታወልቃላችሁ። ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናችሁ፤ ሸሚዙም ይከብዳል። ዛፉም እንደዚያው ይለያያል።

ለደጋው ጥድ፣ ወይራ፣ ኮሶና ቀጋ አሉ። ወደ ወይና ደጋው ወረድ ስትሉ ዝግባ፣ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ጥቁር እንጨት፣ ብርብራ። ቆላው የግራርና የቁርቁራ ነው። ወይራና ክትክታ ሰፊ ቦታ ይይዛሉ፤ ከደጋው ጫፍ እስከ ወይና ደጋው ድረስ ታገኟቸዋላችሁ።

እኔ ደብረ ብርሃን ላይ ዋንዛ ተክዬ አውቃለሁ። ክረምቱን አማረ። ኅዳር ላይ አንድ ሌሊት ውርጭ መጣና ጠዋት ስነሳ እንደ ተቀቀለ ጎመን ሆኖ ጠበቀኝ። ዋንዛው ጥፋት የለበትም። ያለ ቦታው ያመጣሁት እኔ ነኝ።

ቀላሉ መለኪያ ይሄ ነው፦ ዘሩን የምትለቅሙበት ቦታና የምትተክሉበት ቦታ በከፍታም በዝናብም የሚመሳሰል ይሁን። ከደብረ ሲና በታች የተለቀመ ወይራ ስሙ ወይራ ስለሆነ ብቻ ደብረ ብርሃን ላይ እኩል ይበረታል ማለት አይደለም።

2. እናት ዛፍ መምረጥ

በአካባቢያችን ዘር የሚገኘው በአብዛኛው ሁለት ቦታ ነው። አንደኛው የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው። ዙሪያው እርሻ ሆኖ ሲያልቅ ደብሩ ውስጥ ያለው ጥድና ወይራ ተርፏል። ሁለተኛው እንደ ወፍ ዋሻ ያለው የተፈጥሮ ደን ነው። ወፍ ዋሻ በአንኮበርና በደብረ ሲና መካከል ካለው ገደል ጋር ተያይዞ የሚወርድ ደን ነው። ጥድ፣ ዝግባ፣ ወይራ፣ ኮሶ፣ ከላይ ደግሞ አስታ ይታይበታል። እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የመናገሻን ደን ያስተከሉት ከወፍ ዋሻ ባስመጡት የጥድ ዘር ነው እየተባለ ይነገራል። እውነት ከሆነ ከዚህ ዘር ለቅሞ ርቆ መትከል የኛ ፈጠራ አይደለም።

የትም ብትለቅሙ አስፈቅዱ። ደብር ከሆነ አስተዳዳሪውን፣ የመንግሥት ወይም የወል ደን ከሆነ የሚጠብቀውን አካል። ዛፍ ሊቆርጡ ነው ብሎ የሚጠረጥራችሁ ሰው ሸራና ዘንቢል ይዛችሁ ሲያይ ይረጋጋል። ችግኙ ሲደርስ ጥቂት ለደብሩ እንደምትመልሱም ንገሩ። ከዚያ በኋላ ፍሬው ሲበስል ራሳቸው ይደውሉላችኋል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር። ጥድ፣ ኮሶና ዝግባ ወንድና ሴት አላቸው። ፍሬ የሚይዘው ሴቷ ብቻ ናት። ሴት ጥድ ብቻዋን የቆመች ከሆነች፣ በአቅራቢያዋ ወንድ ከሌለ፣ ፍሬ መሳይ ነገር ትይዛለች፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው። የኔ ሁለት ጣሳም ግማሹ ችግር ይሄ ነበር። መንገድ ዳር ከቆመች አንዲት ዛፍ ነው የለቀምኩት። ለመድረስ ስለቀለለኝ ብቻ!

ስለዚህ ብዙ ዛፍ በአንድ ላይ ካለበት ልቀሙ፤ ከአንድ ዛፍ ሳይሆን ከብዙ። ከቻላችሁ ከ20 እስከ 30 ዛፍ፣ እርስ በርስ ቢያንስ 50 ሜትር ከሚራራቁ። ጎን ለጎን የቆሙ ዛፎች የአንድ እናት ልጆች የመሆን ዕድላቸው ሰፊ ነው። ከእነሱ ብቻ የለቀመ ሰው ዘመዳሞችን ብቻ ይተክላል፤ የእነዚያ ልጆች ደግሞ ይደክማሉ። 20 ዛፍ ካጣችሁ ባገኛችሁት ልክ። አንድ ብቻ ከሆነ ግን ሌላ ደብር ሂዱ።

ቀጥ ያለውን ብቻ አትምረጡ። ለጣውላ ከሆነ ቀጥ ያለ ይመረጣል። ደን ለመመለስ ከሆነ ጠማማውም፣ አጭሩም፣ ገደል ላይ የተንጠለጠለውም ይለቀም። ድርቅ የቻለው እሱ ሊሆን ይችላል።

3. መብሰሉን ማወቅ

ወር እየጠራሁ ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር፤ ነገር ግን ከከፍታ ከፍታ፣ ከዓመት ዓመት ይለያያል። ምልክቱን ያዙ።

ጥድ፦ ፍሬው አረንጓዴ ከሆነ ገና ነው። ሲበስል ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይሄዳል፤ ላዩ ላይ በጣት ሲነኩት የሚለቅ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር አለው። አንድ ቅርንጫፍ ላይ አረንጓዴውም ሰማያዊውም አብረው ይገኛሉ፤ ፍሬው ለመብሰል አንድ ዓመትና ከዚያም በላይ ስለሚቆይ ያምናውና የዘንድሮው ይደባለቃሉ። እየመረጡ መልቀም ነው።

ወይራ፦ ከአረንጓዴ ወደ ወይን ጠጅ፣ ከዚያ ወደ ጥቁር። ጨመቅ ስታደርጉት እጃችሁን ካቀለመ ደርሷል።

ኮሶ፦ ሴቷ ቀይ ናት፣ ዘለላዋ ወደ ታች ይንዠረገጋል። ወንዱ ነጣ፣ ደብዘዝ ያለ ነው። የድሮ ሰው ለኮሶ ትል የሚጠጣው የሴቷን አበባ ነው፤ ለዘርም የምትፈለገው እሷ ናት። ቀዩ ወደ ቡኒ ሲዞርና ሲደርቅ ዘለላውን በእጃችሁ ፈትጉት፤ ጥቃቅን ዘር ከረገፈ ጊዜው ነው። አንድ ሳምንት ከዘገያችሁ ነፋሱ ይቀድማችኋል።

ብሳና፦ ፍሬው ግራጫ ሲሆን፣ ሳይፈነዳ።

ከሁሉ የሚሻለው ምልክት ግን ወፉ ነው። ጠዋት ዛፉ ሥር ቁሙ። ርግቦቹ እየተንጫጩ ቅርንጫፉን ካንቀጠቀጡት፣ መሬት ላይም የተላጠ ፍሬ ካያችሁ፣ ነገ ሸራ ይዛችሁ ኑ።

4. ለቀማው

ሸራ ወይም አሮጌ አንሶላ ዛፉ ሥር አንጥፉ። ረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ መንጠቆ እሰሩ፤ ቅርንጫፉን ስባችሁ አራግፉት። ቅርንጫፍ አትስበሩ። የሚቀጥለው ዓመት ፍሬ እዚያው ቅርንጫፍ ላይ ነው።

ዛፉን አታራቁቱት። ከሚታየው ፍሬ ከሲሶው በላይ አትውሰዱ። የቀረው ለወፉ፣ ለጦጣው፣ ለደኑ ራሱ ነው። ፍሬ ያጣ ወፍ ሌላ ቦታ ይሄዳል፤ ዘር አድራሹም አብሮት ሄደ ማለት ነው።

ከመሬት የወደቀ ልልቀም ወይስ አልልቀም? እንደ ዛፉ ነው። ትኩስ የወደቀ ዋንዛና ዝግባ ጥሩ ነው። የግራር ፍሬ መሬት ላይ ከቆየ ግን ነቀዝ ገብቶበታል። ዘሩ ላይ መርፌ የወጋው የሚመስል ክብ ቀዳዳ ካያችሁ ነቀዙ በልቶ፣ አድጎ፣ ወጥቷል። እሱን ጣሉት።

ከረጢቱ ፕላስቲክ አይሁን። እርጥብ ፍሬ በፌስታል ታስሮ በሚኒባስ ሦስት ሰዓት ከተጓዘ ይግላል፣ ይሻግታል። ጆንያ ወይም ዘንቢል ተጠቀሙ። ውስጡ ወረቀት ክተቱ፦ የዛፉ ስም፣ ቦታው፣ ቀኑ፣ ከስንት ዛፍ እንደተለቀመ። "አስታውሰዋለሁ" የሚባል ነገር የለም። ቤቴ አሁንም ምን እንደሆነ የማላውቀው አንድ ጠርሙስ ዘር አለ።

5. ማጽዳት

ወፍ የሚበላው ሁሉ ሥጋ አለው። ጥድ፣ ወይራ፣ ዋንዛ፣ ጥቁር እንጨት፣ ቀጋ፣ አጋም። ሥጋው ለወፉ የተከፈለ ደመወዝ በሉት። ሥጋው ዘሩ ላይ እስካለ ድረስ ግን ብዙውን ጊዜ ዘሩ አይበቅልም ወይም ይሻግታል። ወፉ ሥጋውን ወስዶ ዘሩን ንጹሕ አድርጎ ይጥለዋል። የኔ መደብ ላይ ያልተሠራው ሥራ ይሄ ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፍሬውን በባልዲ ውሃ አንድ ወይም ሁለት ቀን ዘፍዝፉ። ውሃውን በየቀኑ ለውጡ፤ ካልሆነ ይገማል። ከዚያ ውሃውን ደፍታችሁ ሻካራ አሸዋ ጨምሩበትና በእጃችሁ ፈትጉት። ለጥድና ለወይራ ወንፊት ላይ አድርጎ በአሸዋ ማሸት ይፈጥናል። የጥድ ፍሬ ሲፈተግ ሙጫው እጅ ላይ ይጣበቃል፤ ሽታው ደስ ይላል፣ ማስለቀቁ ግን አበሳ ነው። እጃችሁን ቀድማችሁ ዘይት ቀቡ። ዋንዛ ደግሞ ይለያል። ልጆች የሚበሉት ያ ጣፋጭ ዝልግልግ ነገር በአንዴ አይለቅም፤ ሦስት ጊዜ አሸዋ፣ ሦስት ጊዜ ውሃ።

ዘሩ ሲጸዳ ውሃ ውስጥ ጨምሩትና እስከ ነገ ተዉት። የሰመጠው ብዙውን ጊዜ ሙሉ ነው። የተንሳፈፈው ባዶ ነው። ለጥድ ይሄ ፈተና ግዴታ ነው፤ ከአንድ ፍሬ ከ1 እስከ 4 ዘር ቢወጣም ብዙው ባዶ ሊሆን ይችላል። ከዚያም 20 ያህል ዘር በጥፍር መቁረጫ ለሁለት ቆርጣችሁ እዩ። ውስጡ ነጭና የሞላ ከሆነ ሕያው ነው። ቡኒ ወይም ክፍት ከሆነ ሞቷል። ከ20ው 10 ሙሉ ከሆነ እጥፍ ዝሩ። ከ20ው 2 ብቻ ከሆነ ደግሞ መደብ አታድክሙ፤ ሌላ ዛፍ ፈልጉ።

ለወይራ አንድ ሥራ ይቀራል። ፍሬው ውስጥ ያለው ድንጋይ መሳይ ቅርፊት በጣም ጠንካራ ነው። የቅርፊቱን ጫፍ በፒንሳ ትንሽ ቀንጥቡት፤ ውስጡን ሳትነኩ። 500 ዘር ለመቀንጠብ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ይፈጃል። እኔ ቡና እያፈላን ነው የምሠራው፣ ሰው ስለሚበዛ ያልቃል። ሳይቀነጠብም ይበቅላል፤ ግን አንዱ ዛሬ፣ አንዱ ከስድስት ወር በኋላ ነው። የቁርቁራና የዝግባም ቅርፊት እንደዚሁ ነው። ዝግባውን በትንሽ መዶሻ ቀስ ብሎ መሰንጠቅ ይሻላል። ዝግባን ደኑ ውስጥ የሌሊት ወፍ፣ ጦጣና ዝንጀሮም ይበሉታል፤ ሥጋውን ግጠው ዘሩን ከእናቲቱ ርቆ ይጥሉታል።

እግረ መንገዴን ስለ ጥርኝ ላንሳ። ጥርኝ ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ ተመላልሶ ነው የሚጸዳዳው። ዝባዱን ሰው ያውቀዋል፤ ኩሱን ግን ማንም አይፈልገውም። እኔ ደን ጫፍ ላይ የጥርኝ ቦታ ካገኘሁ በእንጨት እበትነዋለሁ። የታጠበ፣ ሥጋው የለቀቀ ዘር ታገኛላችሁ፤ ሾላው፣ ወይራው፣ እንደ ወቅቱ። ጓንት አድርጉ፣ በደንብ እጠቡት። ባለቤቴ ይሄን ሥራ ቤት ውስጥ እንዳልሠራው ከልክላኛለች፤ እውነቷን ነው።

ፍየል የሚበላው ቀጣዩ ነው። ከሸዋ ሮቢት በታች ያለውን ጠምዛዛ ፍሬ ያለውን ግራር አስቡት። ፍሬው ሲወድቅ ፍየሎች ይቀራመቱታል። አንዳንዱ ዘር ይታኘካል። አንዳንዱ ግን ሲያመነዥጉ ይተፋል ወይም በበጠጥ ይወጣል። ያለፈው ዘር ቅርፊቱ ለስልሶ ስለሚወጣ ቶሎ ውሃ ይጠጣል። ስለዚህ በረት ውስጥ፣ ፍየሎቹ በሚያድሩበት፣ ጠዋት ጠርጎ ዘር መልቀም ከዛፍ ላይ ከመውጣት ይቀላል። እሾህ የለም፣ መውጣት የለም።

ከዛፍ ላይ ከለቀማችሁት ግን ቅርፊቱን ማለስለስ የናንተ ሥራ ነው። ለአንድ ኩባያ ዘር አሥር ኩባያ ያህል ውሃ አፍሉ። ሲፈላ ከእሳት አውርዱት። ከእሳት ካወረዳችሁ በኋላ ዘሩን ጨምሩበትና እስከ ነገ ራሱ ይቀዝቅዝ። ይሄን ደግሜ የጻፍኩት ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ጊዜ ድስቱን እሳት ላይ ትቼ ስልክ አነሳሁ፤ የበላሁት የግራር ንፍሮ ነው ማለት ይቻላል። ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ የሚፈላው ወደ 90 ዲግሪ ገደማ ነው። ለዚህ ሥራ ይበቃል፤ ጨምሮ ማንተክተክ አያስፈልግም።

በማግስቱ ያበጡትን ለዩ፤ እነሱ ውሃ ጠጥተዋል፣ በዚያው ቀን ይዘሩ። ያላበጡትን በጥፍር መቁረጫ ወይም በሞረድ ጎናቸውን ትንሽ ጫር አድርጉ። ዓይኑ ያለበትን ጫፍ አትንኩ፤ ሥሩ የሚወጣው በዚያ ነው። ክትክታም ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ በዚሁ መንገድ ይሠራል፣ ምንም እንኳ አድራሹ ፍየል ሳይሆን ነፋስ ቢሆንም።

ነፋስ የሚወስደው ማጽዳት አይፈልግም። የኮሶን ዘለላ ጥላ ውስጥ አድርቁት፣ ጆንያ ውስጥ ፈትጉት፣ በሰፌድ አንፍሱት። ነፋስ ያለበት ቀን ግን እንዳትሞክሩት። ዘሩ ከገለባው እኩል ቀላል ነው፤ ሁሉንም ለጎረቤት ትልኩታላችሁ።

ራሱ የሚፈነዳውስ? ብሳናና ብርብራ ናቸው። ፍሬያቸው ሲደርቅ ይጠማዘዝና በድንገት ይከፈታል፤ ዘሩ ይወረወራል። መጀመሪያ የለቀምኩትን ብሳና ሳሎን ወለል ላይ አንጥፌው ተኛሁ። ሌሊት ላይ ጣ! ጣ! ሲል ሌባ መስሎኝ ተነሳሁ። ጠዋት ዘሩን ከሶፋ ሥር፣ ከጫማ ውስጥ ለቀምኩ። ትምህርቱ አጭር ነው፦ ጆንያ ውስጥ አድርቁት፣ አፉን እሰሩት። ብርብራ እዚሁ ኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ዛፍ ነው። ዘሩ ትልቅና ጠፍጣፋ ነው፤ ምንም ዝግጅት አይፈልግም። መርዛማ ስለሆነ ግን ሕፃናት ካሉበት አርቁት። የገጠር ሰው ወቅጦ ዓሣ ለማደንዘዝ የሚጠቀምበት እሱን ነው።

6. የሚቀመጥና የማይቀመጥ

እዚህ ላይ ነገሩ አጭር ነው። ግራር፣ ክትክታና ጥድ በደንብ ከደረቁ ይቀመጣሉ። ጥላ ውስጥ አድርቋቸው፤ ፀሐይ ላይ አስፋልት ዳር አታስጧቸው። ጠርሙስ ውስጥ ከትታችሁ ከላይ የተነፋ የእንጨት አመድ ጨምሩ፤ ነቀዙን ይከላከላል። ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ ይቀመጡ።

ጥቁር እንጨት አይቀመጥም። ዘሩን ጨርሶ ካደረቃችሁት ይሞታል። ሥጋውን አላቃችሁ በዚያው ሳምንት ዝሩት። ብሳና ቅባታም ስለሆነ ቶሎ ይበላሻል፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይዘራ። ኮሶም ብዙ ወራት ስትጠብቁ ኃይሉ እየወረደ ይሄዳል። ባጭሩ፣ ትልቅ፣ እርጥብ ወይም ቅባታም ዘር አይጠብቅም። ትንሽ፣ ደረቅና ጠንካራ ዘር ይጠብቃል።

7. መደቡና አዘራሩ

ችግኙ መሬት የሚወርደው ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ቁጠሩ። ጥድና ወይራ ቀርፋፋ ስለሆኑ ከመተከላቸው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ቢዘሩ ጥሩ ነው። ዋንዛ፣ ኮሶና ብሳና ጥቅምትና ኅዳር ላይ ቢዘሩ ይደርሳሉ። ግራር ይፈጥናል፤ ጥር ወይም የካቲት ላይ በቂ ነው።

አፈሩ መረሬ ብቻ አይሁን። ደብረ ብርሃን ዙሪያ ያለው ጥቁር አፈር ሲርስ ይጨቀያል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ትንሽ ሥር አያልፈውም። እኔ ሦስት እጅ አፈር፣ ሁለት እጅ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ እቀላቅላለሁ። ለጥድ ከእናት ዛፉ ሥር አንድ ሁለት እፍኝ አፈር አምጥታችሁ ጨምሩበት። ከጥድ ሥር ጋር ተባብረው የሚኖሩ ሻጋታ መሳይ ፍጥረታት አብረው ይመጣሉ።

ጥልቀቱን በዘሩ መጠን ለኩ። ዘሩ የራሱን ውፍረት አንድ ወይም ሁለት እጥፍ ያህል ይሸፈን። ዝግባና ብርብራ አንድ ጣት ይቀበራሉ። ኮሶን ግን በአሸዋ ቀላቅላችሁ ላዩ ላይ በትኑት፣ ከላይ የተነፋ አሸዋ ትንሽ አልብሱት። ኮሶን አንድ ጣት የቀበረ ሰው ቀብሩን ጨርሷል። ዝሩ ያልኩት ይሄ ነው፤ ቅበሩ አላልኩም።

ሳር አልብሳችሁ ወንፊት ባለው ማጠጫ ጠዋትና ማታ አጠጡ። ሲበቅል ሳሩን ቀስ በቀስ አንሱት። ከኅዳር እስከ ጥር ግን ደጋ ላይ ላላችሁ ሌላ ሥራ አለ። ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ ጸጥ ያለ ምሽት ውርጭ የሚወርድበት ነው። በእንጨት ቋሚ ላይ ጭድ ወይም ጆንያ ዘርግታችሁ ሸፍኑ፣ ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ አንሱ። ሸፍናችሁ ከተዋችሁት ይበሰብሳል።

ጥድ ከወር በላይ ሊያስጠብቅ ይችላል። አንድ ሳምንት ሳይበቅል ቀረ ብላችሁ መደቡን አትገልብጡ። አንድ የማውቀው ሰው በ40ኛው ቀን ገለበጠው፤ ለካ ዘሮቹ ከታች ሥር አውጥተው ነበር። ይሄም የኔ ታሪክ አይደለም ብዬ መማል አልችልም።

8. ያለ መደብ፦ ወፎቹን ሥራ ማስያዝ

ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በየክረምቱ በአረንጓዴ አሻራ ብዙ ችግኝ ይተከላል። እኔም አብሬ ተክያለሁ። ግን ኮረብታ ሙሉ በችግኝ መሸፈን ጉልበትም ውሃም ይፈልጋል። ቦታው ከብት ካልገባበትና ከደን ካልራቀ ሌላ መንገድ አለ።

መጀመሪያ አፈሩ ውስጥ ተቀምጦ የሚጠብቅ የዛፍ ዘር አለ ብላችሁ አትተማመኑ። የደን ተመራማሪው ደመል ተከታይ በ1980ዎቹ መጨረሻ የኢትዮጵያን ደረቅ የደጋ ደኖች አፈር ዘር አጥንቷል። አፈር ውስጥ የሚጠራቀመው በአብዛኛው የሳርና የአረም ዘር ነው። ብዙዎቹ ዋና ዋና ዛፎች ዘር አያጠራቅሙም፤ ደኑ ወለል ላይ በችግኝነት ነው የሚቆዩት። ትርጉሙ ግልጽ ነው። ደኑ ተመንጥሮ ጥቂት ዓመት ከታረሰ ጥዱ ከአፈር ውስጥ አይመለስም። አንድ ነገር ከውጭ ማምጣት አለበት።

ያ አንድ ነገር ወፍ ሊሆን ይችላል። ግን ወፍ ባዶ ሜዳ ላይ አያርፍም። ስለዚህ ማረፊያ ስጡት። የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ውሰዱ፣ ከሁለት ሜትር በላይ የሆነ፣ ጫፉ ላይ ቀንበጥ ያለው። በየ20 እርምጃው መሬት ላይ ትከሉት። ባሕር ዛፍ ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ አገሩን ወርሶታል፤ እንግዲህ ትንሽ ይክፈል። ከሥሩ አንድ ክንድ ያህል ዙሪያ ሳሩን ነቅላችሁ አፈሩን ጫር ጫር አድርጉ። ሳሩ ጥቅጥቅ ካለ የወደቀው ዘር አፈር አያገኝም።

ቁጥቋጦውን አትመንጥሩ። ይሄን ሰው አይሰማኝም። "ጽዳት" ብሎ ቀጋውን፣ አጋሙን፣ ክትክታውን ይቆርጣል። ቀጋ ሥር ገብቶ ማየት ነው። ጥላ አለ፣ እርጥበት አለ፣ እሾሁ ፍየሏን ያስቀራል። ትግራይ ውስጥ በተከለሉ ቦታዎች የተደረገ ጥናት ወይራ በባዶ ሜዳ ሳይሆን እንደ ደደሆ ባሉ ቁጥቋጦዎች ሥር በብዛት እንደሚበቅል አሳይቷል። ወፉ ቁጥቋጦው ላይ ያርፋል፣ ዘሩ እዚያው ይወድቃል፣ ቁጥቋጦው ያሳድጋል።

ያጸዳችሁት ዘር ከተረፋችሁም እዚያው ውሰዱት። በሰኔ መጨረሻ ዝናቡ ሲጸና፣ የቁጥቋጦው ጥላ ዳር ላይ፣ በዱላ ትንሽ ጉድጓድ አድርጋችሁ ሦስት ሦስት የወይራ ዘር ጣሉ። ትንሽ አፈር፣ በላዩ ደረቅ ቅጠል። ምልክት ድንጋይ አድርጉበት።

ባለፈው መስከረም የተከልኳቸውን ማረፊያዎች ለማየት ሄድኩ። ከ12ቱ 4ቱን እረኞች ለማገዶ ወስደዋቸዋል። ከቀሩት 8 ውስጥ በሦስቱ ሥር ድንጋዩ በነጭ ኩስ ተለቅልቋል፣ መሐሉ ላይም የተላጠ የወይራ ፍሬ ነበር። ለቅሜ ኪሴ ልከት ስል እጄን መለስኩ። በጫማዬ ጫፍ አፈር አለበስኩትና ወረድኩ።